ትምህርት ዐሥራ ዘጠኝ፦ «ይመደባል» እና «ይመድባል»

(አዕማደ ግሥ በአሳማኝ ድርሰት ውስጥ)

ባለፈው ትምህርት አምስቱን አዕማደ ግሥ፣ ማለትም አድራጊን፣ ተደራጊን፣ አስደራጊን፣ ተደራራጊንና አደራራጊን በየምሳሌያቸው ተመልክታችኋል። «መከረ፣ ተመከረ፣ አስመከረ፣ ተመካከረ፣ አመካከረ» እያላችሁም ግሥ አርብታችኋል። እርባታውን በቃል መያዝ ግን የትምህርቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ድርሰት በምንጽፍበት ጊዜ ከአምስቱ መካከል የትኛውን መምረጥ እንደሚገባን ማወቅ ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ለማስረጃ የመረጥነው ጉዳይ የደን አራዊትና ስለ ጥበቃቸው ለወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት፣ እንዲሁም ይህ ትምህርት የሚጠይቀው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከብዙ ዓመታት በፊት ለአማርኛ መምህሩ የጻፈው ነው። መምህሩ እኔ ነበርሁ። ተማሪው በጉራጌ አገር፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአታት አቅራቢያ ካለ መንደር የመጣ ነበር። ጽሑፉን በጥሞና አንብቡ፤ የእያንዳንዱንም ግሥ ዐምድ በደብተራችሁ እየመዘገባችሁ ሂዱ።

«በአካባቢያችን ቀድሞ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር ይባላል። በደኑም ውስጥ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ነብርና ልዩ ልዩ አዕዋፍ ይታዩ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ደኑ ተመነጠረ፤ ዛፎቹም ተቈረጡ፤ አራዊቱም ተባረሩ። በቦታው ባሕር ዛፍ ተተከለ። ስለዚህ የቀረው ደን ሊጠበቅ ይገባል። የዱር አራዊትም ሊጠበቁ ይገባል። ለሕዝቡም ትምህርት ሊሰጥ ይገባል። ለዚሁም በቂ በጀት ሊመደብ ይገባል።»

በጽሑፉ ላይ የፊደል ግድፈት አይታይም። ዐረፍተ ነገሮቹም በሚገባ የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ከዐሥር ሰባት ሰጠሁት። ደብተሩን ከመመለሴ በፊት እንደ ገና ሳነበው ግን በመጀመሪያው ንባብ ያመለጠኝን ነገር አየሁ። በዚህ ሁሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ሰው የለም። ደኑ ተመነጠረ፤ መንጣሪው የለም። ዛፎቹ ተቈረጡ፤ ቈራጩ የለም። አራዊቱ ተባረሩ፤ አባራሪው የለም። ትምህርት ሊሰጥ ይገባል ይላል፤ ሰጪው የለም። በጀት ሊመደብ ይገባል ይላል፤ መዳቢው የለም።

ነገሩን በሰዋስው ዐይን እንመርምረው። «ገበሬው ዛፉን ቈረጠ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «ገበሬው»፣ ተሳቢው «ዛፉን»፣ ማሰሪያ አንቀጹም «ቈረጠ» ነው። ይህንኑ ወደ ተደራጊ ስንለውጠው «ዛፉ ተቈረጠ» ይሆናል። የተሳቢ ምልክት የሆነችው «ን» ወደቀች፤ ተሳቢ የነበረው ዛፍ ባለቤት ሆነ፤ ገበሬው ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄደ። «ባለቤት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጕም እንዳለው ታውቃላችሁ። በሰዋስው የግሡ ባለቤት፣ በኑሮ ደግሞ የንብረት ወይም የጉዳይ ባለቤት ማለት ነው። «ዛፉ ተቈረጠ» ባልን ጊዜ ዛፉን የገዛ መቈረጡ ባለቤት አደረግነው። ተጠያቂ ቢፈለግ ከዛፉ በቀር የሚገኝ የለም።

ከዚህ የተነሣ ተደራጊ ግሥ ስሕተት ነው እንዳትሉ ተጠንቀቁ። አድራጊው የማይታወቅ ሲሆን፣ ወይም ማንም የሚያውቀው ሲሆን፣ ወይም ማወቁ የማያስፈልግ ሲሆን ተደራጊ ግሥ ተገቢ ነው። «ልጁ ቅዳሜ ተወለደ» ሲባል ማን ወለደው ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ የለም። «አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ» ሲባልም እንደዚሁ። ጉዳት የሚመጣው አድራጊው ማወቅ የሚገባን ሰው ሆኖ ሳለ ግሡ ሲሸሽገው ነው። «ዛፉ በገበሬው ተቈረጠ» ብሎ አድራጊውን በ«በ» መመለስ ይቻላል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው አነጋገር በአማርኛ ስለሚከብድ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ አይደክሙበትም።

ደብተሩን በመለስሁበት ቀን ተማሪውን «ዛፎቹን ማን ቈረጣቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ። «እንግዲያውስ የሚያውቅ ሰው ጠይቀህ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክለህ አምጣ» አልሁት። እርሱም ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ አያቱን ጠየቀ። በሁዋላ እንደ ነገረኝ ንግግራቸው የሚከተለው ነበር።

«አባባ፣ የዚያን ደን ዛፎች ማን ቈረጣቸው?»

«እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን ይቈርጠዋል ብለህ ነበር ልጄ?»

«ለምን ቈረጡት አባባ?»

«አባትህ ትምህርት ቤት በገባ ዓመት ልብስም ደብተርም አልነበረው። ነጋዴው ዝግባ ፈልጎ መጣ፤ ሸጥሁለት። በሚቀጥለው ዓመትም መጣ።»

ሰኞ ዕለት ተማሪው ያመጣልኝ ድርሰት አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ዛፎቹን አያቴ ቈረጡ። የጣውላ ነጋዴ አስቈረጣቸው። አባቴ በገንዘቡ ተማሩበት። እኔም አባቴ ስለ ተማሩ ተምሬ ይህን ድርሰት ጻፍሁ።» ለዚህ ጽሑፍ ነጥብ መስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከመጀመሪያው ያነሰ ቃል አለው፤ ጥበቃ የሚለው ቃል እንኳ አልተነሣበትም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ አንባቢውም ቀጥሎ ምን ይደረግ ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። እኔም በሰጠሁት የቤት ሥራ ልጁን በአያቱ ላይ ምስክር አድርጌው እንዳይሆን ሰግቼ ነበር። እርሱ ግን አያቱን አልከሰሰም፤ ራሱንም ከዐረፍተ ነገሩ አላወጣም።

አሁን «አስቈረጠ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። አስደራጊ ግሥ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል፤ አንደኛው የሚሠራው፣ ሁለተኛው የሚያሠራው ነው። የሚያሠራው ብዙ ጊዜ በሥፍራው አይገኝም። በከተማ ተቀምጦ ከሰል የሚገዛ ሰው መጥረቢያ በእጁ አልያዘም፤ ደኑንም አይቶት አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን «እኔ አልቈረጥሁም» ቢል ግማሽ እውነት ተናገረ እንጂ ሙሉ እውነት አልተናገረም፤ አስቈርጧልና። ስለ ደን የሚጻፍ ድርሰት ገበሬውን ብቻ አድራጊ አድርጎ ቢያስቀርና አስደራጊውን ቢዘነጋ ከተደራጊው ግሥ ብዙ አይሻልም።

ሰዋስው ብቻውን ድርሰት እንደማይሆን ግን አትርሱ። ስለ ደን አራዊት የሚጽፍ ተማሪ አራዊቱን ማወቅ አለበት። የጉራጌ አገር ከቡታጅራ በላይ ከሚታየው ከዘቢዳር ተራራ ተነሥቶ በስተምዕራብ እስከ ጊቤ ቈላ የሚወርድ አገር ነው። ደጋው የእንሰትና የባሕር ዛፍ አገር ሆኗል፤ አገር በቀሉ ደን በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየመካነ መቃብሩ ዙሪያ፣ በየገደሉና በየወንዙ ዳር ቀርቷል። በቈላው በኩል የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዚያ ወንዝ ጉማሬና አዞ፣ በዳርቻውም ጉሬዛ፣ ዝንጀሮ፣ ድኩላና ከርከሮ ይኖራሉ። ከአታት ተነሥቶ ለሚሄድ ተማሪ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ብዙ የአገሩ ልጆች ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ከመጽሐፍ ተምረው ጉማሬን በገዛ ወንዛቸው ሳያዩ ያድጋሉ።

ለምሳሌ ጉሬዛን እንውሰድ። ጥቍርና ነጭ ጠጕሩ፣ ረጅምና ጫፉ ለምለም ጅራቱ ከሩቅ ያስታውቁታል። ግልገሉ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው፤ ጥቍሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የእጁ አውራ ጣት ጉምድ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር አያስቸግረውም። ቀዳሚ ምግቡ የዛፍ ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ዛፍ ከሌለ ጉሬዛ የለም። ቀድሞ አዳኞች ስለ ቆዳው ይገድሉት ነበር፤ ቆዳውም ለምንጣፍና ለጌጥ ይሸጥ ነበር። ከእርሻ ዝንጀሮና ጦጣ የሚያባርር ልጅ ግን ጉሬዛንም ከእነርሱ ቈጥሮ ድንጋይ ይወረውርበታል። ልዩነቱን ያስተማረው የለማ። የጥበቃ ትምህርት ስንል እንዲህ ያለውን ዕውቀት ማለታችን ነው እንጂ «የዱር አራዊት የአገር ቅርስ ናቸው» የሚል ጽሑፍ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ማለታችን አይደለም።

ይህ ትምህርት እውነተኛ መሆን አለበት። ጃርት የእንሰት ሥር ቈፍሮ ይበላል። የዱር አሳማም እንዲሁ፤ ፍልፈልም ከሥር ሆኖ ይጨርሰዋል። እንሰት ደርሶ ቆጮ እስኪሆን ብዙ ዓመት የሚጠብቅ ገበሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚደርስበት ጉዳት ቀላል አይደለም። ለእንዲህ ያለው ገበሬ አንድ ተናጋሪ ከከተማ መጥቶ አራዊት ጥቅም እንጂ ጉዳት የላቸውም ቢለው ከዚያ በኋላ የሚነግረውን ሁሉ አያምነውም። እውነቱን የሚናገር ግን ይህን ጉዳት ካመነ በኋላ ፍሬ በል ወፎችና ጦጣዎች የጥቍር እንጨትንና የዝግባን ዘር ወስደው እንደሚዘሩ፣ ጅብም ጥንብን እንደሚያጸዳ ሲናገር ይሰማል።

እንግዲህ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ከታወቀ፣ በማን ገንዘብ ይሰጥ ወደሚለው እንለፍ። የሕጋችንን ታሪክ ባጭሩ ላውሳ። በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ አራዊት አደን አዋጅ ቍጥር 61 ወጣ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሰር ጁልያን ሀክስሊ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ አገራችንን ጐብኝቶ የአራዊትና የተፈጥሮ ጥበቃ እንዲደራጅ መከረ። በ1966 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በ1969 እ.ኤ.አ. አዋሽና ሰሜን ተራሮች በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቍጥር 575 ታወጁ። ልብ በሉ፤ ይህን አንቀጽ ስጽፍ እኔም «ተመሠረተ»፣ «ታወጁ» እያልሁ በተደራጊ ግሥ ነው የሄድሁት። አውጪው መንግሥት መሆኑን ሁላችሁም ስለምታውቁ አልጐዳም።

የሚከተለው ግን ይጐዳል። «በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በአዋሽ፣ በባሌና በሌሎችም ፓርኮች የጥበቃ ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ የደጋ አጋዘንና ሌሎችም አራዊት ተገደሉ።» ነገሩ እውነት ነው። ማን ዘረፈ? ማንስ ገደለ? ከገዳዮቹ መካከል ብዙዎቹ የፓርኮቹ ጐረቤቶች ነበሩ። ስለ ምን? ለምሳሌ የአዋሽ ፓርክ በተከለለ ጊዜ ከረዩዎችና አፋሮች የግጦሽና የውሃ ቦታ አጥተዋል። ጥበቃ ማለት ለእነርሱ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው የሄደ ዕለት ጥበቃውም አብሮ ሄደ። እዚህ ላይ የጐደለው ዐምድ ተደራራጊው ነው። «ተመካከሩ» የሚል ግሥ በታሪኩ ውስጥ አልነበረም፤ «አመካከረ» የሚባል ሸምጋይም አልተገኘም። ለዘበኛው ደመወዝ መንግሥት ሲከፍል ኖሯል፤ ጐረቤቱን ለማስተማርና ከእርሱም ለመማር ግን ከዚያ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ አላወጣም። እኔ እንደማምነው በዚያ ዓመት ከጠፋው አንዱ ክፍል የዚህ ስሌት ዋጋ ነው።

አገራችን በ1994 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት በዐሥራ ሦስተኛው አንቀጹ ስለ ሕዝብ ትምህርትና ግንዛቤ ይናገራል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92ም አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ላይ ጥሏል። እንዲህ ያለው ቃል ግን ወደ ገንዘብ ካልተለወጠ በወረቀት ላይ ይቀራል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ወረዳ ከክልሉ በሚያገኘው ጥቅል ድጎማና በራሱ ገቢ ይተዳደራል፤ የጉራጌ ዞንም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። ከወረዳ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ ነዳጅ፣ የቢሮ ጥገና ሁሉ ከዚህ ይጠብቃሉ። ስለ ጉሬዛ የሚሰጥ ትምህርት በወረፋው ላይ ስሙ ያልተጻፈ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቆማል። የትምህርት መሥሪያ ቤት ሰው ነገሩ የዱር እንስሳት ነው ሊል ይችላል፤ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሰውም ነገሩ ትምህርት ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። ዕቅዱም በመካከላቸው «በጀት ይመደባል» ተብሎ ይጻፋል።

ወደ ትምህርታችን ርዕስ ደረስን። «ይመድባል» እና «ይመደባል» በጽሕፈት የሚለያዩት በ«ድ» እና በ«ደ» ብቻ ነው። በንባብም ጊዜ በሁለተኛው ላይ «መ» ይጠብቃል፤ «ተመደበ» በሚለው ላይ የምናያት «ተ» እዚያ ተውጣ «መ»ን አጥብቃለችና። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ነገር ግን «የወረዳው ምክር ቤት ገንዘብ ይመድባል» ከተባለ በሰኔ ወር ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ። «ገንዘብ ይመደባል» ከተባለ ግን የምትጠይቁት ገንዘቡን ራሱን ነው።

«ሕዝብ» ወይም «መንግሥት» ሲባል ባለቤት ሊሆን አይችልም፣ የሁሉ የሆነ የማንም አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። የጉራጌ ልጆች ይህን ለማመን አይቸኵሉ። በየመንደሩ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ የሣር ጐዳና፣ ጀፎረን ተመልከቱ። የአንድ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ማንም አጥሩን ወደዚያ አያስገባም። ሠርግም ለቅሶም የሚውለው በዚያ ነው፤ ድንበሩን የሚጥስ ሰው ቢነሣ ሽማግሌዎች በባህላዊው ሥርዓት ይዳኙታል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው በአዲስ አበባና በሌላም ስፍራ ገንዘብ አዋጡ፤ መንግሥትም የበኩሉን ጨመረበት፤ መንገዱም ወጣ። በአታት ያለውም በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሆስፒታል በሽተኛ እስኪመጣለት ተቀምጦ አልጠበቀም፤ በየመንደሩ ምንጭ በማጐልበትና የጤና ትምህርት በመስጠት፣ ነፍሰ ጡሮችም ቀናቸው ሲቀርብ የሚቆዩበት ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። ሕክምና ያለ ትምህርት ግማሽ መሆኑን ከተረዳ ወረዳ ዘንድ ስለ ደን ተመሳሳዩን ነገር ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም።

አሳማኝ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ግን የተቃዋሚውን ብርቱ ነጥብ መሸሽ የለበትም። ብርቱው ነጥብ ይህ ነው፦ ተማሪዎች መሬት ላይ ተቀምጠው በሚማሩበት፣ የመጠጥ ውሃም በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ አራዊት ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነውን? እኔ መልሴ፣ ከመቀመጫው ይቅደም አልልም። የምለው ሌላ ነው። ይህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየዓመቱ የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። በውጭ እርዳታ የሚጀመር ክበብ ሸሚዝና ሰሌዳ ያገኛል፤ የእርዳታው ዘመን ሲያበቃ ግን ሰሌዳው ዝጎ ይቀራል። በጐረቤታችን በኬንያ በ1968 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸው ተነሥተው የዱር እንስሳት ክበቦችን መሠረቱ፤ እንቅስቃሴው በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዘልቋል። «መሠረቱ» የሚለው ግሥ አድራጊ መሆኑን አስተውሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ድርሰት ወደ ማመልከቻ ለውጠን እንጻፈው። ክፍት የተተወውን ቦታ እናንተ ሙሉት።

«እኛ በ…… ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አባላት ይህን ማመልከቻ ለተከበረው የወረዳው ምክር ቤት አቅርበናል። በአካባቢያችን የነበረውን ደን አያቶቻችን ቈረጡ፤ የጣውላና የከሰል ፈላጊዎች አስቈረጧቸው፤ ከዋጋውም እኛ ተምረንበታል። ስለዚህ ማንንም ለመክሰስ አልመጣንም። የቀረውን ደንና አራዊቱን አውቀን ከወላጆቻችን ጋር እንመካከርበት ዘንድ፣ ምክር ቤቱ ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ማስኬጃ ሥር ለጥበቃ ትምህርት አንድ ቋሚ የሂሳብ መደብ እንዲከፍትልን፣ በየዓመቱም ብር …… እንዲመድብልን እንጠይቃለን። በገንዘቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ጊቤ ሸለቆ እንሄዳለን። የፓርኩ ባለሙያዎች ያስተምሩናል፤ የመንደራችን ሽማግሌዎችም የጠፉትን ዛፎችና አራዊት በስም ይነግሩናል። ጃርትና የዱር አሳማ እንሰታቸውን ያጠፉባቸውን ገበሬዎች ሄደን እንጠይቃለን። የክበባችን ገንዘብ ያዥ ሂሳቡን፣ ጸሐፊያችን ደግሞ የሰማነውንና ያየነውን ጽፈው በሰኔ ወር ለምክር ቤቱ ያቀርባሉ።»

በዚህ ማመልከቻ ውስጥ ስንት ባለቤቶች እንዳሉ ቍጠሩ። አያቶች፣ ፈላጊዎች፣ ምክር ቤት፣ ባለሙያዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ አሉ፤ «እኛ» ደግሞ ከሁሉ ይበዛል። ገንዘብ ጠያቂው ራሱንም ተጠያቂ አድርጓል፤ ምክር ቤቱ እንቢ ቢል እንኳ እንቢ ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ማመልከቻው የሚገባበትን ጊዜም አትዘንጉ። ሐምሌ ላይ የሚጸድቅ በጀት የሚታቀደው ከወራት በፊት ነው፤ በሰኔ መጨረሻ የደረሰ ማመልከቻ የሚያገኘው መልስ «ለከርሞ ይታያል» የሚል ነው። ይህም ተደራጊ ግሥ ነው።

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊው ከዐረፍተ ነገሩ የማይታወቅ ከሆነ ከአካባቢያችሁ ጠይቃችሁ አግኙት እንጂ በግምት አትጻፉ። ሀ/ በወንዙ ዳር ያሉ ዛፎች ለማገዶ ተቈረጡ። ለ/ በትምህርት ቤቱ ችግኞች ተተከሉ፤ ነገር ግን ውሃ አልጠጡም። ሐ/ ስለ ዱር አራዊት ግንዛቤ ይሰጣል። መ/ ለክበቡ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይፈለጋል።

መልመጃ ሁለት። «ተከለ»፣ «ጠበቀ» እና «አወቀ» የሚሉትን ግሦች በአምስቱ አዕማድ አርቡ። የትኞቹ ዐምዶች በዕለታዊ ንግግር እንደማይሠራባቸው፣ የትኞቹም ትርጕማቸውን እንደሚለውጡ አመልክቱ። («ተጠባበቀ» ከ«ተጠበቀ» በምን ይለያል?)

መልመጃ ሦስት። ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር በአራት በአራት ሆናችሁ፣ ወደ ቅርብ ደን ደርሶ ለመመለስ አንድ ክፍል ተማሪ የሚያስፈልገውን የመጓጓዣና የምግብ፣ የደብተርና የእርሳስ ዋጋ ከገበያ ጠይቃችሁ ደምሩ፤ ድምሩንም ከላይ በተተወው ክፍት ቦታ ጻፉ። በዋጋው ላይ ካልተስማማችሁ የእያንዳንዳችሁን ግምት ከነምክንያቱ አስፍሩ።

መልመጃ አራት። በመንደራችሁ ካሉ አረጋውያን አንዱን በትሕትና ቀርባችሁ፣ በልጅነታቸው የነበረና ዛሬ የሌለ አንድ ዛፍና አንድ አውሬ በስሙ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ድርሰት ጻፉ። በድርሰቱ ውስጥ ከሁለት በላይ ተደራጊ ግሥ አይኑር፤ የተናጋሪው ቃልም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ ተናገሩት ይቀመጥ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለተናጋሪው አንብቡላቸው።